ለሞተር ሳይክልዎ ካምቢዮ ተስማሚውን ዘይት እንዴት ይመርጣሉ?

ለሞተር ሳይክል ካምቢዮ ዘይት ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያረጋግጡ፤ ካምቢዮው ዘይቱን ከሞተሩ ጋር ይጋራል ወይስ የራሱ የተለየ ዘይት አለው? ከጅማ ወደ አጋሮና ወደ ሰቃ ጨቆርሳ ሲመላለሱ የምናያቸው እንደ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ አፓቼ ያሉ ሞተር ሳይክሎች ባለ አራት ምት ናቸው፤ በእነዚህ ውስጥ ፒስተኑን፣ የካምቢዮውን ጥርሶችና ፍሪሲዮኑን የሚያገለግለው ከሞተሩ ሥር የሚጠራቀመው አንድ ዘይት ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ሞተሮች «የካምቢዮ ዘይት» ብሎ ለብቻው የሚጠየቅ ነገር የለም፤ የሚገዙት የሞተር ዘይት የካምቢዮውንም ዕድሜ ይወስናል። ለገጠር ሥራ የታወቁት ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ግን ባለ ሁለት ምት በመሆናቸው ሁለት ዓይነት ዘይት ይፈልጋሉ፤ አንዱ ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠል ሲሆን ሌላው በካምቢዮው ውስጥ ተዘግቶ የሚቀመጥ ነው። የእርስዎ ሞተር ከየትኛው ወገን እንደሆነ መመሪያ መጽሐፉ ይነግርዎታል፤ መጽሐፉ በእጅዎ ከሌለ ደግሞ ከነዳጁ ሰልባቲዮ ሌላ ለሚቃጠለው ዘይት የተዘጋጀ ትንሽ ሰልባቲዮ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው።

ይህ ጥያቄ ከሁሉም የሚቀድመው በፍሪሲዮኑ ምክንያት ነው። በመኪና ላይ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ቦታ ስለሚቀመጥ ከሞተር ዘይት ጋር አይገናኝም። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ግን የፍሪሲዮኑ ሸራዎችና በመካከላቸው የሚገቡት ስስ ብረቶች የሚሠሩት በዘይት ተነክረው ነው። የሞተሩ ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚተላለፈው እነዚህ ሸራዎችና ብረቶች በስፕሪንግ ተጨምቀው እርስ በርስ ሲያያዙ ስለሆነ፣ ዘይቱ የማርሽ ጥርሶቹን ከመፋተግ እየጠበቀ ሸራዎቹን ግን እንዳያንሸራትት ይፈለጋል። ለዘመናዊ የቤት መኪና የሚዘጋጁ ብዙ ዘይቶች ነዳጅ እንዲቆጥቡ ሲባል ፍትጊያን የሚቀንስ ንጥረ ነገር ይጨመርባቸዋል፤ ለመኪናው የሚጠቅመው ይኸው ንጥረ ነገር በሞተር ሳይክል ላይ ሸራው እንዲያንሸራትት ያደርጋል። ጉዳቱ በሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ሰው ወይም ቡና ጭነው የዴዶን ዳገት ሲወጡ ግን ነዳጅ በሰጡት ቁጥር የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቀራል። ሸራው በዚህ ሁኔታ ጥቂት ጊዜ ከሠራ ይቃጠላል፤ የሸራ መቀየሪያው ወጪ ደግሞ በዘይቱ ዋጋ ላይ ከተቆጠበው ብር ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ለዚህ ችግር መልስ የሰጠው ጃሶ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የጃፓን የተሽከርካሪ ደረጃዎች ድርጅት ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ለባለ አራት ምት ሞተር ሳይክሎች ዘይት የተለየ ደረጃ አወጣ፤ በዚህም መሠረት ሸራ እንዲያይዝ የሚያስችል በቂ ፍትጊያ ያለው ዘይት ኤምኤ፣ ፍትጊያው ዝቅተኛ የሆነው ደግሞ ኤምቢ ተባለ። በ2006 በተደረገው ማሻሻያ ኤምኤ ራሱ ኤምኤ1 እና ኤምኤ2 ተብሎ ሲከፈል፣ ከሁለቱ ከፍ ያለ ፍትጊያ ያለው ኤምኤ2 ነው። ፍሪሲዮኑ በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ሞተር ሳይክል ከእነዚህ ከሦስቱ የኤምኤ ምልክቶች አንዱን የያዘ ዘይት ይግዙ፤ ኤምቢ የተጻፈበትን ግን ይተዉት። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በጠርሙሱ ጀርባ በትንንሽ ፊደል ስለሚጻፍ፣ ሻጩ «ይኼ የሞተር ሳይክል ዘይት ነው» ቢልዎትም ጠርሙሱን አዙረው ያንብቡ። በፊት ለፊቱ የሞተር ሳይክል ሥዕል መኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

ከጃሶ ቀጥሎ የሚታየው ኤፒአይ የሚባለው የአሜሪካ ደረጃ ነው። ለቤንዚን ሞተር የሚሰጠው በኤስ የሚጀምር የሁለት ፊደል መለያ ሲሆን፣ ኤስጂ፣ ኤስጄ፣ ኤስኤል፣ ኤስኤን እያለ ሁለተኛው ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው ማለት ነው። መመሪያ መጽሐፎች አብዛኛውን ጊዜ «ኤስጂ ወይም ከዚያ በላይ» ይላሉ። ሆኖም አዲስ ፊደል ስላየሁ የተሻለ ዘይት ገዛሁ ብሎ መደምደም አይገባም፤ የፊደሉ አዲስነት ስለ ፍሪሲዮን ምንም አይናገርም። በኤፒአይ ክብ ምልክት የታችኛው ግማሽ ላይ «ሪሶርስ ኮንሰርቪንግ» ወይም በቀድሞው አጠራር «ኢነርጂ ኮንሰርቪንግ» የሚል ጽሑፍ ካዩ፣ ያ ዘይት ነዳጅ ቆጣቢ የመኪና ዘይት ነውና ወደ መደርደሪያው ይመልሱት።

ስለ ናፍጣ ሞተር ዘይት ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ለአይሱዙና ለሌሎች የጭነት መኪናዎች የሚቀርበው 15ደብሊው-40 ዘይት በየቦታው ስለሚገኝና በሊትር ተቀድቶ ስለሚሸጥ ወደ ሞተር ሳይክል መግባቱ የተለመደ ነው። ፍሪሲዮኑን የማያንሸራትት የናፍጣ ዘይት አለ፤ እንዲያውም አንዳንዱ የጃሶ ኤምኤ ምልክት ጭምር ይዞ ይመጣል። ምልክቱ ከሌለው ግን የሚያረጋግጥልዎት ነገር የለም፤ ያማሃም በብዙ መመሪያ መጽሐፎቹ የናፍጣ ደረጃ የሆነውን ሲዲ የያዘ ዘይት እንዳይጠቀሙ በግልጽ ይከለክላል። ከበርሜል በጣሳ የሚቀዳ ዘይት ከሆነ ደግሞ የሚነበብ ጽሑፍ እንኳ የለውም። በእኔ ግምት ገዢው ማንነቱን ሊያውቀው የማይችለው ዘይት ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ርካሽ አይባልም።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ። በ10ደብሊው-40 ውስጥ የፊተኛው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ የኋለኛው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ ያመለክታል። የብርዱ ፈተና ለ10ደብሊው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ፣ ለ15ደብሊው ከዜሮ በታች 20፣ ለ20ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ የሚደረግ በመሆኑ፣ በጅማ ማለዳው ምንም ያህል ቢቀዘቅዝ ለእነዚህ ለሦስቱም አስጊ አይደለም። እዚህ አገር ይበልጥ ማሰብ ያለብን ስለ ኋለኛው ቁጥር ነው። በነፋስ ብቻ የሚቀዘቅዝ ሞተር ጭኖ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ረጅም ዳገት ሲወጣ፣ ወይም በአዲስ አበባ መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሙቀት ወርዶ መልሶ ሲወጣ ዘይቱ በጣም ይግላል፤ የጋለ ዘይት ደግሞ ይቀጥናል።

ይህ ማለት ግን ወፍራም ዘይት ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። ባጃጅ ለቦክሰር 20ደብሊው-50 ሲያዝዝ፣ ሆንዳ ለብዙ ሞዴሎቹ 10ደብሊው-30 ያዝዛል፤ ሁለቱም የሚያዝዙት የሞተራቸውን ክፍተቶችና የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ስፋት አውቀው ነው። ለ30 ለተሠራ ሞተር 50 ቢሞሉለት ዘይቱ ወደ ጠባብ ቦታዎች ለመድረስ ይዘገያል፤ ማለዳም ፍሪሲዮኑ ተጨብጦ እያለ ሸራዎቹ በወፍራሙ ዘይት ተጣብቀው ስለሚቆዩ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ይንጫጫል። ስለዚህ የጎረቤትዎ ሞተር የሚጠጣውን ዘይት ትተው የራስዎ መመሪያ የሚያዝዘውን ይከተሉ፤ መመሪያው ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ከሰጠና ሥራዎ ጭነትና ዳገት የሚበዛበት ከሆነ፣ ከተፈቀዱት ውስጥ ወፍራሙን መምረጥ ተገቢ ነው።

አንድ ሰፊ ስሕተት እዚህ ላይ መታረም አለበት። «ካምቢዮው ስለሚጮህ 90 ዘይት ቀላቅልበት» የሚል ምክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። የካምቢዮ ዘይት ቁጥርና የሞተር ዘይት ቁጥር የሚለኩት በአንድ መለኪያ አይደለም። በ100 ዲግሪ ሙቀት የሞተር ዘይት 40 ከ12.5 እስከ 16.3 ሴንቲስቶክ ውፍረት ሲኖረው፣ የካምቢዮ ዘይት 90 ከ13.5 እስከ 18.5 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ከእጥፍ በላይ ቢመስልም ውፍረታቸው የተቀራረበ ነው። ልዩነቱ ያለው በሚጨመርባቸው ንጥረ ነገር ላይ ነው። ጂኤል-5 የተባለው የመኪና ካምቢዮና ዲፈረንሻል ዘይት ከባድ ጫና እንዲችል ድኝና ፎስፈረስ ያለበት ቅመም ይበዛበታል፤ ይህ ቅመም ሸራውን ከማንሸራተቱም በላይ በሙቀት ጊዜ እንደ ነሐስ ያሉ ብረቶችን ሊበላ ይችላል። ዘይቱን ከሞተሩ ጋር በሚጋራ ካምቢዮ ውስጥ ይህ ዘይት በማንኪያም ቢሆን መግባት የለበትም።

የሞተር ሳይክል ዘይት ከመኪና ዘይት ቀድሞ የሚደክመውም በካምቢዮው ምክንያት ነው። ዘይቱ በሙቀት ጊዜ ውፍረቱን እንዲጠብቅ የሚያደርጉት ረጃጅም ሞለኪውሎች ሲሆኑ፣ የማርሽ ጥርሶቹ እነዚህን ሞለኪውሎች ሙቀጫ ውስጥ እንደገባ ቡና እየወቀጡ ያደቅቋቸዋል፤ በ40 የተጀመረው ዘይት ከብዙ ጉዞ በኋላ የ30 ያህል ሊቀጥን ይችላል። ማርሽ መግባት ሲያስቸግር፣ ኒውትራል ማግኘት ሲከብድና ድምፁ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ይህ ድካም ነው። ሲንተቲክ ዘይት ይህን ጫና በተሻለ ሁኔታ ይቋቋማል፤ «ሲንተቲክ ፍሪሲዮን ያንሸራትታል» የሚባለውም ልክ አይደለም፣ ወሳኙ የኤምኤ ምልክት ነውና። አቅም ካልፈቀደ ግን በወቅቱ የሚቀየር ተራ ዘይት ሳይቀየር ከሚከርም ውድ ዘይት ይበልጣል። አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው ዘይት የመላመጃውን የብረት ብናኝ ስለሚይዝ እንደ መመሪያው ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይቀየራል።

ለባለ ሁለት ምቶቹ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮኑ እዚያም ዘይት ውስጥ ስለሆነ፣ መጽሐፉ የሚያዝዘው ውፍረት ያለውና ኤምኤ ምልክት የያዘ የባለ አራት ምት ዘይት ይሆናል፤ ከቤንዚን ጋር የሚቃጠለው ዘይት ግን ፈጽሞ ወደ ካምቢዮ አይገባም። ስኩተሮች ፍሪሲዮናቸው ደረቅ ስለሆነ ኤምቢ ይስማማቸዋል፤ ለኋላ እግር ጥርሶቻቸው የሚሞላው ትንሽ ዘይት ግን ለብቻው የሚቀየር መሆኑን አይርሱ።

ሲቀይሩ ሞተሩን ለጥቂት ደቂቃ አሙቀው ያጥፉት፤ ከዚያም የታችኛውን ቡሎን ፈትተው አሮጌው ዘይት በሰፊ ሳህን ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ ይጠብቁ። የወረደውን ዘይት በደንብ ይመልከቱት። ነጣ ብሎ አረፋ የያዘ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ በጅማ ረጅም ዝናብና በሞላ ጅረት ውስጥ የሚያቋርጥ ሞተር ይህ ሊደርስበት ይችላል፣ በዚህ ጊዜ የኪሎ ሜትሩን ጊዜ ሳይጠብቁ ይቀይሩ። በቡሎኑ ላይ ደቃቅ ብናኝ መታየቱ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚያዝ ስባሪ ከተገኘ ግን ዘይት መለወጥ አይበቃም፣ ካምቢዮው ይከፈት። አሮጌውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅመው ለሚቀበል ጋራዥ ያስረክቡ እንጂ ወደ አዌቱ ወንዝ በሚወስድ ቦይ አይድፉት። አዲሱን ሲሞሉ ጠርሙሱ አንድ ሊትር ስለሆነ ብቻ ሁሉንም አይጨምሩ፤ ሞተሩን በደልዳላ ቦታ ቀጥ አድርገው አቁመው፣ ለአፍታ አስነስተው ካጠፉትና ጥቂት ደቂቃ ከቆዩ በኋላ በመለኪያው ሁለት መስመሮች መካከል መሆኑን ያረጋግጡ።

የማይስማማ ዘይት ቀድሞ ገብቶ ፍሪሲዮኑ ማንሸራተት ከጀመረ፣ አስቀድመው የፍሪሲዮኑ ገመድ ከመጠን በላይ አለመወጠሩን ይዩ፤ ያም ያንሸራትታልና። ገመዱ ደህና ከሆነ ዘይቱን አውርደው በኤምኤ ዘይት ይተኩት፤ ሸራው የያዘውን የቀድሞ ዘይት ቶሎ ስለማይለቅ ከመደበኛው ጊዜ ቀድመው አንድ ጊዜ ደግመው ይቀይሩ። ከሁለተኛው በኋላም ዳገት ላይ ማንሸራተቱ ካላቆመ ሸራው ተቃጥሏልና መለዋወጫ መግዛት ይኖርብዎታል።