ወደ ሞን ሳን ሚሼል በእግር፦ ረግረጉንና የወንዙን ሸለቆ እንዴት መጓዝ ይቻላል?

በፈረንሳይ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ፣ ኖርማንዲና ብሪታኒ በሚገናኙበት ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ ሞን ሳን ሚሼል የምትባል አለታማ ደሴት አለች። አናቷ ላይ በቅዱስ ሚካኤል ስም የተሠራ ገዳም ቆሟል። የመጀመሪያውን ጸሎት ቤት በ708 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ያሠሩት የአቭራንሽ ጳጳስ የነበሩት ኦቤር እንደሆኑ ይነገራል። አብዛኛው ጎብኚ እስከ መኪና ማቆሚያው በመኪና ይመጣል፣ በአውቶቡስ ይሻገራል፣ ደረጃውን ይወጣል፣ ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እኔ ግን በእግር ሂዱ ባይ ነኝ። ገዳሙን ለዘመናት የጠበቀው በዙሪያው ያለው ረግረግ፣ አሸዋና ኩዌኖን፣ ሴሉንና ሴ የሚባሉት ሦስት ወንዞች ናቸው። እነሱን ሳያዩ መመለስ ያሳዝናል።

1. ከሁሉ በፊት የባሕሩን ሰዓት እወቁ

እዚህ አገር ጉዞ የሚታቀደው በባሕሩ ሰዓት ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በአንዱ ሙላትና በሚቀጥለው መካከል 12 ሰዓት ተኩል ያህል አለ። ስለዚህ የዛሬው ሰዓት ለነገ አይሠራም፤ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። በትልልቆቹ ሙላቶች ጊዜ በውሃው ከፍታና ዝቅታ መካከል ያለው ልዩነት 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በአውሮፓ ከሚታዩት ትልልቅ ልዩነቶች አንዱ ነው።

የሙላት ሰንጠረዥ በኢንተርኔትም በአካባቢው የቱሪስት ቢሮም ይገኛል። ሰንጠረዡ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንዱ ሰዓቱ ነው። የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሆነ 14:30 ማለት ከቀኑ 8:30 መሆኑን አትርሱ። አንዳንድ ሰንጠረዥ የበጋውን የሰዓት ለውጥ ስለማይጨምር ይህንንም አረጋግጡ፤ የአንድ ሰዓት ስህተት እዚህ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛው ከ20 እስከ 120 የሚደርስ ቁጥር ነው፤ የሙላቱን ኃይል ይነግራችኋል። ከ70 በታች ከሆነ ሙላቱ ደካማ ነው። ከ110 በላይ ከሆነ ደሴቲቱ ዙሪያዋን በውሃ ትከበባለች። ኃይለኞቹ ሙላቶች የሚመጡት ጨረቃ ሙሉ ከሆነች ወይም አዲስ ከወጣች በኋላ ነው፤ በመጋቢትና በመስከረም ደግሞ ይበረታሉ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ቁጥሩ መካከለኛ የሆነበትን፣ ሙላቱም ማለዳና ማምሻ ላይ የሚውልበትን ቀን ነው። መካከሉን ተረጋግታችሁ ትጓዛላችሁ።

2. ከፖንቶርሶን ተነሱ

ፖንቶርሶን የባቡር ጣቢያ ያላት ትንሽ ከተማ ናት። ከዚያ የኩዌኖንን ወንዝ ተከትሎ ለእግረኛና ለብስክሌት የተሠራ መንገድ እስከ ግድቡ ድረስ ይወስዳል። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር አይሞላም። መንገዱ ሜዳ ነው፣ አያደክምም። ነገር ግን ጥላው ትንሽ ነው፣ ነፋሱም ከባሕር በኩል ፊት ለፊት ይመጣል። ውሃ ከከተማው ያዙ።

ወንዙ እዚህ ጋ ቀጥ ያለው በተፈጥሮው አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በቦይ ውስጥ እንዲፈስ ተደርጎ ነው። በዙሪያው ከምታዩት እርሻ ብዙው በዚያው ዘመን ከባሕር የተወሰደ መሬት ነው።

3. ግድቡ ላይ ቆም በሉ

የኩዌኖን ግድብ ሥራ የጀመረው በ2009 ነው። ስምንት በሮች አሉት። ባሕሩ ሲሞላ ውሃ ያጠራቅማል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ይለቀዋል። የተለቀቀው ውሃ በደሴቲቱ ዙሪያ የተከመረውን ደለል ጠርጎ ወደ ባሕር ይወስዳል። ይህ ሁሉ ያስፈለገው በ1879 ወደ ደሴቲቱ የተሠራው የአፈር መንገድ የውሃውን ፍሰት ስለዘጋ ነው። ደለሉ ከዓመት ዓመት ጨመረ፤ ደሴቲቱም ወደ የብስነት ማዘንበል ጀመረች። አሁን የአፈሩ መንገድ ተነስቷል። በምትኩ በእግሮች ላይ የቆመ ድልድይ በ2014 ተከፍቷል፤ ውሃው በሥሩ ያልፋል። ጥፋትን በዚህ ያህል ወጪና ትዕግሥት ለማረም የተነሱ ሰዎችን አከብራለሁ።

ለእግረኛ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከግድቡ በታች ወደ ወንዙ አልጋ አትውረዱ። በሮቹ ሲከፈቱ ውሃው በአንዴ ይመጣል። ኃይለኛ ሙላት ባለበት ቀን ደግሞ ከሙላቱ ሰዓት ቀደም ብላችሁ እዚሁ ግድብ ላይ ቁሙ። ሞገዱ ወንዙን ሽቅብ ሲወጣ ታያላችሁ።

4. ረግረጉን በዳሩ ሂዱ

በምሥራቅም በምዕራብም በኩል ሰፊ ጨዋማ ሣር መሬት አለ። ትልልቅ ሙላቶች ሲመጡ ባሕር ይሸፍነዋል፤ ሌላ ጊዜ በጎች ይግጡበታል። ጂ ኤር 34 የሚባለው ረጅም የጠረፍ መንገድ ከዚህ ተነስቶ ወደ ብሪታኒ ይዘልቃል። ነጭና ቀይ ምልክቱን ተከተሉ። በጎቹን ራቅ ብላችሁ እለፏቸው። የከፈታችሁትን የአጥር በር መልሳችሁ ዝጉ። ውሻ ካላችሁ እሰሩት።

ሰው የማያስተውለው አደጋ ሣሩ ውስጥ ያሉት ቦዮች ናቸው። ጠባብ፣ ጥልቅና ጭቃማ ናቸው። ባሕሩ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሞሉት እነሱ ናቸው። ፊት ለፊታችሁ ያለው ሣር ደረቅ ሆኖ ሳለ ከኋላችሁ ያለው ቦይ ሊሞላና መመለሻ ሊያሳጣችሁ ይችላል። ስለዚህ የሙላቱ ቁጥር ከ90 በላይ በሆነ ቀን ሣሩ ላይ አትውጡ፤ ባሕሩን ከእርሻው ከሚለየው ከፍ ያለ ክትር ላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። በሌላም ቀን ቢሆን ከሙላቱ ሦስት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ወደ ክትሩ ተመለሱ።

5. ወደ አሸዋው ያለ መሪ አትግቡ

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ባሕሩ ሲሸሽ ባዶ ሜዳ ይመስላል፤ ደሴቲቱም ቅርብ ትመስላለች። ውሃው እንደ ጋላቢ ፈረስ ይመጣል የሚባል አነጋገር አለ። እውነተኛው ፍጥነት የፈጣን እርምጃ ያህል ነው። ክፋቱ ከፊት ብቻ ሳይሆን በጎንም በኋላም መክበቡ ነው። ጭጋግ ከተጨመረበት አቅጣጫ ይጠፋል።

ፈቃድ ያላቸው መሪዎች በየወቅቱ ሰው ያሻግራሉ። የታወቀው መነሻ በዠኔ መንደር ያለው ቤክ ዳንዴን ነው። ከዚያ እስከ ደሴቲቱ ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ። ቁምጣ ልበሱ፤ የሚሄደው በባዶ እግር ነው፣ ወንዞቹን ስትሻገሩም ውሃው ጉልበት ሊደርስና ሊያልፍ ይችላል። የንፋስ ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ውሃና የሚቀመስ ነገር ያዙ። ስልካችሁን በደንብ በሚታሰር ፌስታል ጠቅልሉት።

የሚያሰምጥ አሸዋ መኖሩ ተረት አይደለም። ኖርማኖች እንግሊዝን እንዴት እንደያዙ በሚተርከው፣ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ በሆነው የባዮ ጥልፍ ላይ፣ ኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነው ሃሮልድ በኩዌኖን አጠገብ ወታደሮችን ከአሸዋ ሲያወጣ ይታያል። አሸዋው ራስን እስኪሸፍን አያሰምጥም፤ ከሰው አካል ይከብዳልና። የሚገድለው ሰውየው ተይዞ ሳለ የሚደርሰው ባሕር ነው። እግራችሁ ከተያዘ ባላችሁበት አትራገጡ። ወደ ኋላ ጋደም ብላችሁ ክብደታችሁን ዘርጉ። እግራችሁን ቀስ እያላችሁ አወዛውዙ፤ ውሃ ሲገባበት አሸዋው ይለቃል። አንዱን እግር ካወጣችሁ በኋላ ወደ ሌላው እለፉ። መሪዎቹ ብዙ ጊዜ በቁጥጥራቸው ሥር ያለማምዷችኋል፤ ሞክሩት።

በመንገድ ላይ ቶምብሌን የምትባል ባዶ አለት ታያላችሁ። ወፎች የሚፈለፈሉባት ስለሆነች በመራቢያቸው ወቅት አትቅረቧት።

ችግር ከመጣ የባሕር ነፍስ አድን ስልክ 196 ነው። 112ም ይሠራል።

6. ጊዜ ካላችሁ የሴሉንን ሸለቆ ጨምሩ

ይህን ለሁለተኛው ቀን አስቀምጡት። ከባሕሩ ወደ ውስጥ፣ ከዱሴ ከተማ በላይ፣ የሴሉን ወንዝ በጠባብ ሸለቆ ያልፋል። ሸለቆው ለ90 ዓመት ገደማ በግድብ ውሃ ሥር ነበር። 36 ሜትር ከፍታ የነበረው የቬዚን ግድብ በ2020 ፈርሶ አልቋል፤ ከታች የነበረው ላ ሮሽ ኪ ብዋም ተከትሎ ፈርሷል። ሳልሞን የሚባለው ዓሣ ከባሕር ወደ ላይኛው ወንዝ የሚሄድበት መንገድ ተከፍቶለታል። ሐይቅ በነበረበት ቦታ አሁን ሣርና ቁጥቋጦ አለ፣ ወንዙም የራሱን መውረጃ ይዟል። ዳገትና ቁልቁለት ስላለው እንደ አሸዋው ባዶ እግር አይሆንም፤ ጥሩ ጫማ ያስፈልጋል። የዳሩ አፈር ገና ያልረጋበት ቦታ ስላለ ምልክት ከተደረገበት መንገድ አትውጡ። መነሻችሁን ዱሴ ላይ ብታደርጉ ይቀላል።