የግል ድረ ገጽ ቲም፦ አመራረጡና ለአማርኛ ማስማማቱ

በማሳያው ላይ ሁሉም ቲም (የድረ ገጹን መልክ የሚሰጠው ዝግጁ ቅርጽ) ያምራል፤ የተሞላው በእንግሊዝኛ ጽሑፍና በባለሙያ ፎቶ ነዋ። ስለዚህ ቲም ከማማረጥ በፊት የራስዎን ይዘት ያሰናዱ፦ ሁለት ሦስት የአማርኛ አንቀጽ፣ «የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና አካባቢው በፎቶ» የመሰለ ረዘም ያለ ርዕስ፣ በስልክ የተነሣ ፎቶ። ዓይንዎ የገባውን ቲም በዚህ ይሞክሩት። ርዕሱ ስልክ ላይ ከሜኑው ጋር ከተደራረበ ይለፉት። የሚንሸራተቱ ትልልቅ ምስሎች ያሉበትንም እንደዚሁ፤ ደሴ ፒያሳ ቆሞ በሞባይል ዳታ የሚከፍት ሰው እስኪጫን አይጠብቅም።

ጽሑፍዎን ወደ ድረ ገጽ ከሚለውጡት ፕሮግራሞች ለጀማሪ ከጄኪል ይልቅ ሁጎ ይሻላል። ጄኪል አስቀድሞ ሩቢ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንዲጫን ይፈልጋል፤ ሁጎ ግን አንድ ፋይል ነው፣ አውርዶ ማስነሣት ብቻ።

ቲሙን በጊት (የፋይል ለውጥ መመዝገቢያው ፕሮግራም) ሰብሞጁል፣ ማለትም የቲሙን ማከማቻ ከራስዎ ጋር በማገናኘት ያስገቡ። ዝም ብሎ ክሎን ማድረግ (ማከማቻውን በጊት መቅዳት) ኮምፒውተርዎ ላይ በደንብ ይሠራል፤ ሳይቱ በሚቀመጥበት ጊትሃብ ላይ ሲጫን ግን የቲሙ ፎልደር ባዶውን ይቀራል። ሰብሞጁል ከከበደዎት ቲሙን በዚፕ አውርደው መገልበጥም ያስኬዳል።

የቲሙን ፎልደር ውስጥ ገብተው ምንም አይንኩ። መለወጥ የሚፈልጉትን ፋይል ብቻ ወደ ራስዎ የሌይአውት ፎልደር፣ በዚያው ስምና በዚያው ንዑስ ፎልደር ይገልብጡ፤ ሁጎ የእርስዎን ያስቀድማል። ቲሙን ውስጡ ገብቶ ያሻሻለ ሰው አዲስ ስሪት ሲያወርድ ልፋቱ ይጠፋበታል።

ዋናው ሥራ ፊደሉ ላይ ነው። አብዛኞቹ ቲሞች የሚጠሩት የላቲን ፎንት ግዕዝ የለውም፤ ስለዚህ ብራውዘሩ ያገኘውን ይተካል፣ ገጹም ከስልክ ስልክ ይለያያል። ፎንት ማስጫን የግድ አይደለም፤ በሲኤስኤሱ (የገጹን መልክ በሚወስነው ፋይል) የፎንት ዝርዝር ውስጥ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ ኬፋን፣ ኢብሪማን፣ ኒያላን በዚህ ቅደም ተከተል መጻፍ ይበቃል። አንድሮይድ የመጀመሪያውን፣ ማክ ሁለተኛውን፣ አዲሱ ዊንዶውስ ኢብሪማን፣ የቀድሞው ዊንዶውስ ኒያላን ይዟል። ኒያላ መጨረሻ የሆነው ደማቅ ቅርጽ ስለሌለው ነው። ብራውዘሩ በግድ ሲያደምቀው እንደ «ጭ» እና «ጯ» ያሉት ፊደላት ውስጣቸው ይደፈናል።

ቀጥሎ የመስመር ከፍታውን ከ1.5 ወደ 1.8 ያሳድጉ፤ ግዕዝ ሙሉ ቁመት ስለሚይዝ መስመሮቹ ይተፋፈጋሉ። የፊደል መጠን 18 ፒክስል። በርዕሶች ላይ ያለውን የፊደል ክፍተት ዜሮ ያድርጉት። ኢታሊኩንም ያጥፉ፦ ግዕዝ የራሱ ዘማማ ቅርጽ የለውም፣ የሚታየው ተገፍቶ የተንጋደደ ፊደል ነው። ለጥቅስ በግራ በኩል ቀለም ያለው መስመር ይበቃል።

የቋንቋ ኮዱን ወደ አማርኛ መቀየር አይዘንጉ፤ ካልተቀየረ ብራውዘሩ ገጹን እንግሊዝኛ ነው ብሎ «ልተርጉምልዎ» እያለ አንባቢን ሊያሰለች ይችላል።

የፋይል ስም በላቲን ይሁን፤ የገጹ አድራሻ የሚወጣው ከእሱ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በአድራሻ ውስጥ 9 ምልክት ይሆናል፤ «ኮምቦልቻ» ብቻውን 45 ነው፣ ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ማንም የማያነበው ሰንሰለት።

ከታተመ በኋላ ጽሑፉ ያለ ቀለምና ያለ ቅርጽ እርቃኑን ከመጣ ቲሙን አይውቀሱ፤ በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ ያለው መነሻ አድራሻ ተሳስቷል። ጊትሃብ ላይ ሳይቱ በንዑስ ፎልደር ሥር ከተቀመጠ የፎልደሩ ስም ከነመጨረሻው ስላሽ እዚያ መግባት አለበት።