ኪሾር ኩማርን በፊልሞቹ ለመተዋወቅ፦ ከየት ተጀምሮ፣ ምን እየታየ፣ ምን እየተደመጠ

የህንድ ፊልም በሲኒማ ቤትና በቪዲዮ ቤት እያየን ያደግን ሰዎች፣ ዋናው ተዋናይ ከዛፍ ዛፍ እየዞረ ሲያዜም የምንሰማው ድምፅ የራሱ እንደሆነ አድርገን ስንቀበል ኖረናል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። በቦምቤይ የፊልም ሥራ ልማድ ዘፈኑ አስቀድሞ በስቱዲዮ ውስጥ በባለሙያ ዘፋኝ ይቀረጻል፤ ተዋናዩ ደግሞ በካሜራ ፊት ከንፈሩን ከተቀረጸው ድምፅ ጋር እያስማማ ያንቀሳቅሳል። ፕሌይባክ የሚባለው አሠራር ይህ ነው። ህንዳዊው ተዋናይና ዘፋኝ ኪሾር ኩማር ለራሱም ለሌሎችም የዘፈነ፣ አልፎ አልፎም ሌላ ሰው የዘፈነለት ኮሜዲያን በመሆኑ፣ በእያንዳንዱ ትዕይንት የማን ፊት ከማን ድምፅ ጋር እንደተጣመረ ያልለየ ተመልካች የጨዋታው ግማሽ ያመልጠዋል።

ስለዚህ ፊልሞቹን ማየት ከመጀመርዎ በፊት አንድ ደብተር ያዘጋጁና ለእያንዳንዱ ዘፈን በምስሉ ላይ የታየውን ተዋናይ፣ የዘፈነውን ሰው እና ዜማውን የደረሰውን ሰው ለየብቻ ይመዝግቡ። ሥራው አሰልቺ ይመስላል፤ ከሦስተኛው ፊልም በኋላ ግን ደብተሩ ራሱ ታሪክ መናገር ይጀምራል።

ከሕይወት ታሪኩ ለመነሻ የሚያስፈልግዎት ጥቂት ነው፤ ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ኪሾር ኦገስት 4 ቀን 1929 በመካከለኛው ህንድ በምትገኘው በካንድዋ ከተማ፣ ከጠበቃ አባት፣ በአንድ የቤንጋል ተወላጆች ቤተሰብ ውስጥ ተወለደ፤ የወጣለት ስምም አባስ ኩማር ጋንጉሊ ነበር። በ18 ዓመት የሚበልጠው ወንድሙ አሾክ ኩማር በቦምቤይ ስመ ጥር ተዋናይ ስለነበር ታናሹንም ወደ ትወናው ይገፋው ነበር፤ የኪሾር ልብ ግን ዘፈን ላይ ነበር። የመጀመሪያ የፊልም ዘፈኑን በ1948 በወጣው «ዚዲ» ሲዘፍን ያኔ የሚያመልከውን ዘፋኝ ኬ. ኤል. ሳይጋልን እየቀዳ ነበር፤ ቅጂውን ትቶ የራሱን መንገድ እንዲፈልግ የመከረው የዜማ ደራሲው ኤስ. ዲ. በርማን ነው። በመደበኛ ትምህርት የሙዚቃ ሥልጠና አልወሰደም፤ ይህንን ያስታውሱ፣ ኋላ ይጠቅመናል።

ለጀማሪ የሚስማማው ፊልም የ1958ቱ «ቻልቲ ካ ናም ጋዲ» ነው። ኪሾር ከሁለት ወንድሞቹ ከአሾክና ከአኑፕ ጋር ሆኖ የመኪና ጋራዥ ያላቸውን ሦስት ወንድማማቾች ይጫወታል። በዝናባማ ሌሊት መኪናዋ የተበላሸባት ተዋናይቷ ማዱባላ ወደ ጋራዡ ስትመጣ የሚዘፍነውን ዘፈን ሲያዩ ፊቱን ትተው እጁን ይከታተሉ፤ የመካኒክ ዕቃዎቹን እያንኳኳ ምት ያወጣል፤ ቀልዱም ዘፈኑም ከዚያው ምት ይነሳሉ። በዚያው ዓመት በወጣው «ራጊኒ» ደግሞ የሚያስገርም ነገር ይገጥምዎታል፦ ክላሲካል ባሕርይ ያለውን አንድ ዘፈን ኪሾር ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ፣ ድምፁን የሰጠው ሌላው ስመ ጥር ዘፋኝ መሐመድ ራፊ ነው። ዘፋኙ ራሱ ሲዘፈንለት ማለት ነው።

ቀጥሎ የ1962ቱን «ሃፍ ቲኬት» ይመልከቱ። ለባቡር ግማሽ ዋጋ ለመክፈል ሲል ልጅ መስሎ የሚጓዝ ጎልማሳ ታሪክ ነው። በዚህ ፊልም ውስጥ ኪሾር የሴት ልብስ ለብሶ ከተዋናዩ ፕራን ጋር የሚጫወተው የቅብብል ዘፈን አለ፤ የሴቷንም የወንዱንም ድምፅ ያወጣው ብቻውን ነው። መጀመሪያ ዓይንዎን ጨፍነው ያድምጡት፤ ከዚያ እንደገና ይመልከቱት።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ግን የ1968ቱ «ፓዶሳን» ነው። በእኔ ግምት ይህ ፊልም በራሱ በፕሌይባክ አሠራር ላይ የተሠራ ቀልድ ነው። ሱኒል ዱት የሚጫወተው የዋህ ወጣት ቦላ ጎረቤቱን ያፈቅራል፤ መዝፈን ግን አይችልም፤ ስለዚህ ኪሾር የሚጫወተው ጓደኛው ተደብቆ ሲዘፍንለት ቦላ በመስኮቱ ላይ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል። ልጅቷን ሙዚቃ የሚያስተምራት፣ መህሙድ የሚጫወተው የደቡብ ህንድ ሰው ደግሞ ተቀናቃኝ ነው። ሁለቱ ወገኖች በመስኮት ለመስኮት በዘፈን የሚፋለሙበትን ትዕይንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይዩት። አንዴ ለሳቁ። አንዴ መህሙድን ተክቶ የሚዘፍነውን፣ በክላሲካል ሙዚቃ በሚገባ የሠለጠነውን ማና ዴይን ለማድመጥ። በመጨረሻም ያልሠለጠነው ኪሾር ድምፁን እያጣመመ፣ እየተንተባተበ፣ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እያፈናጠረ፣ ዮድሊንግ በሚባለው ስልት ባላጋራውን እንዴት ግራ እንደሚያጋባው ለመከታተል። ዜማው የአር. ዲ. በርማን ነው፤ ቀድሞ የጠቀስነው የኤስ. ዲ. በርማን ልጅ።

ከዚህ በኋላ ደብተርዎ ላይ ለውጥ ያያሉ፤ ድምፁ ይበዛል፣ ፊቱ ይጠፋል። በ1969 «አራድና» በተሰኘው ፊልም ለተዋናዩ ራጄሽ ካና ከዘፈነ ወዲህ የህንድ ፊልም ተፈላጊ ድምፅ ሆነ፤ ፊልምፌር የተባለውን የህንድ ፊልም ሽልማት በምርጥ ወንድ ዘፋኝነት ስምንት ጊዜ ወስዷል። የሰባዎቹን ዘፈኖች በፊልም ውስጥ ሳይሆን በድምፅ ብቻ ቢያዳምጧቸው ኮሜዲያኑን በውስጣቸው ማግኘት ይቀላል፤ በፍቅር ዘፈን መሃል እንኳ ሣቅ ያዘለ ትንፋሽ ይሰማል።

ስለ ባሕርይው የሚወሩትን ጨዋታዎች በጥንቃቄ ይያዙ፤ ብዙዎቹ ሲነገሩ ሲነገሩ አብጠዋል። በሰነድ የታወቀው ይበቃል፦ በህንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በኢንዲራ ጋንዲ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዘመን በገዥው ፓርቲ የድጋፍ ዝግጅት ላይ ዝፈን ሲባል እምቢ በማለቱ፣ ከ1976 አንሥቶ ዘፈኖቹ ከመንግሥት ራዲዮና ቴሌቪዥን ታግደው ነበር።

በመጨረሻ የ1964ቱን «ዱር ጋጋን ኪ ቻኦን ሜን» ይመልከቱ፤ በዓመት ቢቀድምም ለኋላ ማቆየቱ ይሻላል። አዘጋጁም፣ ፕሮዲዩሰሩም፣ የዜማ ደራሲውም፣ ዋና ተዋናዩም ኪሾር ነው፤ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ቤተሰቡን አጥቶ መናገር ከማይችል ልጁ ጋር የቀረ ወታደር ይጫወታል። ልጁን ሆኖ የሠራው የገዛ ልጁ አሚት ነው። በፊልሙ ውስጥ አንድም ቀልድ እንዳይጠብቁ፤ ዝም ሲል ፊቱን ይመልከቱ።