የሻወራችሁ ፍሳሽ አልወርድ ሲላችሁ

ድሬዎች፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ በወለሉ ቀዳዳ አልወርድ ካለ ቶሎ ብላችሁ ኬሚካል አትግዙ። አብዛኛውን ጊዜ የዘጋው ፀጉርና ሳሙና ነው። የድሬዳዋ ውሃ ደግሞ ካልሲየም ይበዛዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ። ሳሙና ከዚህ ውሃ ጋር ሲገናኝ ግራጫ ዝቃጭ ይሆንና ፀጉሩ ላይ ይለጠፋል።

መጀመሪያ የወለሉን ወንፊት አንሱ። የልብስ መስቀያ ሽቦ ዘርግታችሁ ጫፉን እንደ መንጠቆ ቆልምሙት። አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩ፣ ከዚያ ሳቡ። አትግፉት፤ ቆሻሻው ወደ ታች ከወረደ ይብሳል። ጥቁርና የሚያዳልጥ የፀጉር ጉንጉን ተያይዞ ይወጣል። በጣም ስለሚሸት ጓንት አድርጉ። ከዚያ ትኩስ ውሃ ከፈሳሽ ሳሙና ጋር ድፉበት። የፈላ ግን አይሁን፤ የፕላስቲክ ቧንቧ ይለሰልሳል።

የእጅ መታጠቢያው ከሆነ የዘጋው፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጡና ሲፎኑን፣ ማለትም የታጠፈውን ቧንቧ፣ ፍቱት። አሸዋም ካለ የሚተኛው እዚያ ነው።

አደራ፣ በረኪናን ከአቼቶ ወይም አሲድ ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር እንዳትቀላቅሉ! የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። መታጠቢያ ቤቶቻችን ደግሞ ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዱማ መስኮትም የለው።

ሽቦው ምንም ካላወጣ፣ ወይም የሻወሩና የሽንት ቤቱ ውሃ አንድ ላይ ከተመለሰ፣ ችግሩ ውጭ ዋናው መስመር ላይ ወይም የሞላ ሴፕቲክ ታንክ (የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ) ሊሆን ይችላል። ያኔ የቧንቧ ባለሙያ መጥራት ነው።