በፓይተን ቁጥርን በርቢ ማስላት

በፓይተን የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ አንድን ቁጥር በርቢ ለማስላት ሁለት ኮከቦችን ሳያራርቁ መጻፍና ከግራቸው መነሻውን ቁጥር፣ ከቀኛቸው ርቢውን ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ 2 ** 10 ብለን ብንጽፍ 1024 እናገኛለን።

ለምሳሌ አንድ የቡሬ በቆሎ አምራች 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ በሚታሰብበት፣ ወለዱም ከዋናው ጋር እየተደመረ መልሶ በሚወልድበት ሂሳብ ቢያስቀምጥ፣ ከ5 ዓመት በኋላ የሚኖረውን ገንዘብ ለማወቅ 10000 * 1.07 ** 5 ብሎ መጻፍ ይበቃዋል፤ ውጤቱም 14,025.52 ብር ገደማ ነው። ቅንፍ ያላስፈለገው ርቢ ከማባዛት ቀድሞ ስለሚሰላ ነው።

ይኸው ቅደም ተከተል ግን ያልጠረጠረውን ሰው ያሳስተዋል። -3 ** 2 የሚሰጠው -9 ነው፤ የመቀነስ ምልክቱ ተግባራዊ የሚሆነው ርቢው ከተሰላ በኋላ ነውና። 9 ከተፈለገ (-3) ** 2 ተብሎ ይጻፍ። ርቢዎች ሲደራረቡ ደግሞ ስሌቱ ከቀኝ ስለሚጀምር 2 ** 3 ** 2 ውጤቱ 512 እንጂ 64 አይደለም። በእኔ እምነት እንዲህ ባለ ቦታ ባያስፈልግም እንኳ ቅንፍ መጨመር ይሻላል።

በደብረ ማርቆስ የሂሳብ መዝገብ በኤክሴል መያዝ የለመደ ሰው ለርቢ ^ መጻፍ ሊቀናው ይችላል። በፓይተን ይህ ምልክት ሁለት ቁጥሮችን ቢት በቢት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ሲጻፉ አሃዝ በአሃዝ፣ የሚያነጻጽር ሌላ ስሌት ስለሆነ 5 ^ 2 የሚመልሰው 25 ሳይሆን 7 ነው፤ የስህተት መልእክት ስለማያወጣም ጉዳቱ ቶሎ አይታይም።

ርቢው ከዜሮ በላይ የሆነ ሙሉ ቁጥር መሆኑ ግዴታ አይደለም፦ 9 ** 0.5 ዳግም ዘሩን 3.0፣ 2 ** -1 ደግሞ 0.5 ይሰጣል።