ስኔር ድራም ስትጀምሩ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ሐዋሳ ውስጥ ድራም መማር የሚፈልግ ወጣት ብዙ ነው። አንዱ ከቸርች የመዝሙር ቡድን ይመጣል፣ ሌላው ከማርሽ ባንድ፣ ሌላው ደግሞ ከበሮ ሲመታ ያደገ ነው። ሁሉም ግን ሙሉው የድራም ስብስብ ላይ ተቀምጦ ወዲያው ዘፈን ማጀብ ያምረዋል። እጅ የሚገራው ግን ስኔር ላይ ነው፤ ከሥሩ ሽቦዎች የተወጠሩበት ድራም ላይ። እዚያ የተበላሸ እጅ ሌላው ድራም ላይም እንደተበላሸ ይቀጥላል።

ትልቁ ስህተት ስቲኩን፣ ማለትም መምቻ ዱላውን፣ ጨምድዶ መያዝ ነው። የተወጠረ ሽፋን ስቲኩን ራሱ ይመልሰዋል፤ የእናንተ ሥራ አለመከልከል ነው። ጨምድዳችሁ ከያዛችሁት ድምፁ ይታፈናል፣ ትንሽ ቆይቶ ክንዳችሁ ይዝላል፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ደግሞ ጭራሽ ይደርቃል። ከስቲኩ የኋላ ጫፍ አንድ ሦስተኛ ያህል ገባ ብላችሁ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሃል ያዙት። የቀሩት ጣቶች ይንኩት እንጂ አይጭመቁት። ከዚያ አንዴ ብቻ ጣሉትና ሲነጥር እዩት። ወዲያው ከቆመ ገና እየጨመቃችሁ ነው። አንጓችሁን ካመማችሁ ደግሞ አቁሙ፤ ሕመሙን ቻሉት፣ እጃችሁ ይጠነክራል የሚላችሁን እባካችሁ አትስሙ።

ከከበሮ የመጡ ልጆች የምት ስሜታቸው ያስቀናል፤ ግን ከትከሻ መምታት ይወዳሉ። ስኔር ላይ ምቱ የሚነሳው ከእጅ አንጓ ነው። ክንድ የሚገባው ኃይለኛ ድምፅ ሲፈለግ ነው። እግረ መንገዴን፦ የከበሮ ቆዳ ሲላላ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ስኔርን ግን እንዲህ አታድርጉት። የዛሬ ስኔሮች ሽፋን አብዛኛው ፕላስቲክ ስለሆነ ፀሐይ አያጠብቀውም፤ የቀትር ፀሐይ ግን እንጨቱን ሊያጣምመው ይችላል። በድራም ቁልፍ አጥብቁት፣ እሱንም በተርታ ሳይሆን አንዱን ብሎን ትንሽ ካጠበቃችሁ በኋላ ከፊት ለፊቱ ያለውን።

ቪዲዮ አይተው የግራ መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው የሚጀምሩም አሉ። ይህ አያያዝ የወታደር ባንድ ነው፤ ድራሙ በማንገቻ ተንጠልጥሎ ወደ ጎን ስለሚያዘነብል ለግራ እጅ የሚመቸው እሱ ነበር። ስታንድ ላይ ለተቀመጠ ስኔር ሁለቱንም እጆች አንድ ዓይነት መያዝ ይበቃል።

ግራ እጅን መርሳትስ? ቀኝ ከፍ ብሎ ይመታል፣ ግራ ዝቅ ብሎ ይለሰልሳል፣ መቺው ግን እኩል የመታ ይመስለዋል። ስልካችሁን ፊት ለፊት አቁማችሁ ቅረጹና የሁለቱን ስቲኮች ከፍታ አስተያዩ። ጫፎቹም ተራርቀው ካረፉ ድምፁ ይለያያል። ልምምዱን በግራ ጀምሩ፣ ሁልጊዜ ባይሆን እንኳ አዘውትራችሁ።

ፍጥነት መቸኮል ደግሞ ሌላው ነው። ነፃ የሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር) አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑና በደቂቃ በ60 ምት ጀምሩ፣ በእያንዳንዱ ምት ላይ አራት ጊዜ እየመታችሁ። ነጠላ ምት (ቀኝ ግራ ቀኝ ግራ)፣ ድርብ ምት (ቀኝ ቀኝ ግራ ግራ)፣ ከዚያ ፓራዲድል፦ ቀኝ ግራ ቀኝ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ግራ ግራ። በድርብ ምት ሁለተኛው ከደከመ ጣቶቻችሁ አልረዱትም ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የፐርከሽን ማኅበር የዘረዘራቸው መሠረታዊ ልምምዶች 40 ናቸው፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትንኩ፣ እነዚህ ሦስቱ ለጀማሪ ብዙ ሥራ አላቸው። ችክችካ የምትወዱም ብትሆኑ መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ ስድስቱን ምት እኩል አውጡ፣ ጣዕሙ ያኔ ይመጣል።

«ጎረቤት ይቆጣል» ብሎ ልምምድ መተው አያስፈልግም። ጎሚስታ ጋ የተጣለ ከመነዳሪ ለምኑ፣ ጣውላ ላይ ወጥራችሁ ምቱት። ጥሩ ይነጥራል፣ ለጆሯችሁም ይሻላል። ትንሽ ክፍል ውስጥ ስኔር በጣም ይጮኻልና እሱን ስትመቱ ጆሯችሁን በመድፈኛ ሸፍኑ።

በመጨረሻ ከሥር ያሉት ሽቦዎች። ብዙ ጀማሪ እስከ ጥግ ያጠብቃቸውና «ስኔሩ ታፈነ» ይላል። መጀመሪያ አላሉ፣ ከዚያ በዝግታ መትታችሁ እየሰማችሁ አጥብቁ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሲወጣ እዚያው አቁሙ። ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር ሲጫወት ሽቦዎቹ አብረው ይንጫጫሉ፤ ረጅም ጊዜ የማትመቱ ከሆነ በጎን ያለውን ማንሻ አውርዱት።