ሕዝባቸው ያረጀባቸው አገሮች የውጭ ሠራተኛ ሲጠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ሌሎቹን የሚወልደው ስህተት፣ የመጣው ሰው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል ብሎ ማቀድ ነው። ምዕራብ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1955 ከጣሊያን፣ በ1961 ከቱርክ ጋር ተፈራርማ ሠራተኛ ስታስመጣ፣ ቋንቋ ስለሚማሩበትም ሆነ ልጆቻቸው ስለሚያድጉበት መንገድ በወጉ አላሰበችም። በ1973 ምልመላውን ስታቆም ብዙዎቹ፣ ከወጡ ተመልሰው እንደማይገቡ ስለተረዱ፣ መሄዱን ትተው ቤተሰባቸውን አስመጡ። እዚያው ለሚወለዱ የውጭ ዜጎች ልጆች በቅድመ ሁኔታ ዜግነት የሚሰጠው ሕግ የጸናው በ2000 ነው፤ ይህ ሁሉ ዓመት በከንቱ ባክኗል።

ሁለተኛው ሠራተኛውን ለአንድ አሠሪ ማሰር ነው። ጃፓን በ1993 የጀመረችው የቴክኒክ ሰልጣኞች መርሐ ግብር፣ በወረቀት ላይ ዓላማው ለታዳጊ አገሮች ሙያ ማሸጋገር ቢሆንም፣ በተግባር በእርሻ፣ በስፌትና በግንባታ የጎደለውን ጉልበት ሲሞላ ኖሯል። ሰልጣኙ እንደ ልቡ አሠሪ መቀየር ስለማይፈቀድለትና ብዙ ጊዜም ከአገሩ የወጣበት የደላላ ዕዳ ስላለበት፣ ደመወዙ ቢቆረጥ ምርጫው ችሎ መቀመጥ ወይም መጥፋት ነው፤ ከጠፋ ደግሞ ሕጋዊ መኖሪያውን ያጣል። ዓረብ አገር በከፋላ፣ ማለትም የሠራተኛው መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪው በሚታሰርበት ሥርዓት፣ የሠራ ሰው ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የጃፓን ፓርላማ መርሐ ግብሩን የሚተካ፣ በቅድመ ሁኔታ አሠሪ መቀየርን የሚፈቅድ ሕግ ያወጣው በ2024 ነው።

ባለሙያ ጠርቶ ሙያውን አለመቀበልም ሌላው ስህተት ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ተምራ ጀርመን የገባች ነርስ፣ ማስረጃዋ ተመዝኖ ጎደለ የተባለውን ሥልጠና ወይም ፈተና እስክትጨርስ በረዳትነት ትሠራለች፤ በአገሯ የደም ሥር ፈልጋ ግሉኮስ ስትተክል የኖረች ሴት አልጋ ስታነጥፍ ትውላለች። ቋንቋ መጠየቁ ተገቢ ነው፣ በሽተኛው ሕመሙን የሚነግራት በጀርመንኛ ነውና። የማይገባው ውሳኔው በየክልሉ መሥሪያ ቤት እጅ ሆኖ፣ አንዱ ጋ የሚበቃው ሰነድ ሌላው ጋ አለመብቃቱ ነው።

ስደት ብቻውን እርጅናን ያካክሳል ማለትም ያሳስታል። በ2000 የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ጥናት፣ ደቡብ ኮሪያ ለአንድ አረጋዊ የሚደርሰውን የሠራተኛ ዕድሜ ሰው ብዛት እስከ 2050 እንዳለ ለማቆየት ከ5 ቢሊዮን በላይ ስደተኛ እንደሚያስፈልጋት አስልቷል። የመጡትም ያረጃሉ።

የመጨረሻው፣ ለእኛም የሚቀርበው፣ ላኪውን አገር መርሳት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት የከበደባቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያን ጨምሯል። ከእነዚህ አገሮች ነርስና ሐኪም ለመውሰድ የሚፈልግ መንግሥት በዘመቻ ከመመልመል ይልቅ አስቀድሞ ስምምነት ሊፈራረም፣ በስምምነቱም ውስጥ ለሚወስዳቸው ባለሙያዎች ምትክ ማሠልጠኛ የሚሆነውን ገንዘብና መምህር በግልጽ ሊያሰፍር ይገባል፤ ይህ ያልተጻፈበትን ውል የእኛም ጤና ሚኒስቴር መፈረም የለበትም።